የምታጠባ ላም የመኖ እጥረትን እንዴት ትቋቋማለች?

ከእንጦጦ አናት ላይ ሆነው ወደ ሰሜን ሲመለከቱ የሱሉልታ ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል። በመስከረም አረንጓዴ የነበረው ሜዳ በጥቅምትና በኅዳር ለድርቆሽ ይታጨዳል። ከዚያ ወዲያ እስከ በልግ ዝናብ፣ በልጉ ከቀረም እስከ ሰኔ ድረስ፣ ለግጦሽ የሚተርፈው የደረቀ ሣር ብቻ ነው። በተራራው ጎን የተተከለው ባሕር ዛፍም በሥሩ እምብዛም ሣር አያበቅልም። በዚህ ወራት ጥጃ የምታጠባ ላም ከምትበላው የበለጠ ታወጣለች። ታዲያ ወተቱ ከየት ይመጣል?

ከገዛ ሰውነቷ ነው። መኖ ሲጎድል በደሟ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ የተከማቸው ስብ ወደ ደም ይለቀቃል። ሌላው የሰውነት ክፍል ስቡን እንደ ማገዶ ሲጠቀምበት ጉበት የሚሠራው ግሉኮስ ለግት ይተርፋል፤ የወተት ስኳር ያለ ግሉኮስ አይሠራምና። እጥረቱ ከተራዘመ ጡንቻም ይነካል። በአንጻሩ ብዙ ኃይል የሚፈጁት ጉበትና አንጀት በመጠን ስለሚያንሱ የከሳች ላም ራሷን ለማቆየት የሚያስፈልጋት መኖ ከቀድሞው ይቀንሳል።

አርቢውን የሚያታልለው ይህ ነው። ጥጃው እየጠባ ስላደገ ብቻ ላሟ ችግሩን ተወጥታዋለች ይባላል። ነገር ግን ላሟ ወተቱን እየሰጠች ቀጣዩን እርግዝና አቁማለች። የኃይል እጥረትና የጥጃው ጥቢ ተደምረው ከአንጎል ወደ እንቁላል እጢ የሚላከውን የሆርሞን ትእዛዝ ያዳክሙታል፤ ላሟም ኮርማ አትፈልግም። እርግዝናዋ ከዘጠኝ ወር ጥቂት የሚበልጥ በመሆኑ በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ በሦስት ወር ውስጥ መፅነስ ነበረባት። በደጋው አገራችን ግን በሁለት ወሊድ መካከል ሁለት ዓመት ገደማ ማለፉ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሆለታ እርሻ በሚጎትቱ ዲቃላ ላሞች ላይ በተደረገ ምርምርም ተጨማሪ መኖ ያላገኙት ክብደታቸው ቀንሶ ለመፅነስ እጅግ ዘግይተዋል።

ስለዚህ መታየት ያለበት ግቷ ሳይሆን ጀርባዋ ነው። ኢልካ በሚል ምሕጻረ ቃል ይታወቅ የነበረው፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የቤት እንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1986 የኒኮልሰንንና የበተርወርዝን መመሪያ አሳትሟል። መመሪያው የዜቡን ከብት ገላ በዘጠኝ ደረጃ ይከፍላል፤ ምርመራው ሚዛን የማይጠይቅ፣ ዓይንና እጅ ብቻ የሚበቃው ነው። የአከርካሪ፣ የጎድንና የዳሌ አጥንት ምን ያህል እንደገጠጠ፣ ሻኛውና ፍሪምባው ምን ያህል እንደሞላ ይታያል። የገበሬው ልማዳዊ ዕውቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የከሳችውን ላም ለመደገፍ ጭድ መጨመር ብቻውን አይረዳም። የጭድ ፕሮቲን እጅግ አነስተኛ ነው፤ በጨጓራዋ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይራቡም። ላሟ ሆዷ ሞልቶ የምትራበው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ሲታከልበት ግን ያው ጭድ የተሻለ ይፈጫል፤ እርሷም አብልጣ ትበላለች። ፋጉሎው ለሁሉም የማይዳረስ ከሆነ ቅድሚያ የሚገባት የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደችው ናት፤ ወተት እየሰጠች ራሷም ገና በማደግ ላይ ነችና።

ሰኔ ሲገባ ሣሩ ይለመልማል፤ ሻኛዋም ቀስ በቀስ ይሞላል። ክረምቱን ጠግባ በመስከረም የፀነሰች ላም የምትወልደው በቀጣዩ ሰኔ፣ ሣሩ ዳግም ሲያቆጠቁጥ ነው።