ጥይቱ ሌባው ላይ አይቆምም!

የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣው ከወደ አሜሪካ ነው። ጠያቂው ቨርጂኒያ ውስጥ ከሚስቱ፣ ከሕፃን ልጁና ከአክስቱ ልጅ ጋር አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል። ሰሞኑን ጎረቤት ቤት ሌባ ገብቶ እንቅልፍ አጥቷል። «በካውቦይ ፊልም አክተሩ ፈረስ ላይ ሆኖ እያቀባበለ የሚተኩሳትን ጠመንጃ፣ ያውም ትልቅ ጥይት የምትጎርሰውን ልግዛ ወይ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ በመብትህ አልከራከርህም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ሰው ቤቱን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ እንደሚችል ወስኗል። የኔ ጭቅጭቅ ከጥይቷ ጋር ነው።

እስቲ ጠመንጃዋን እንያት። ምላጩ ጋ ያለውን የብረት እጀታ ወደ ታች ስትዘረጋው ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ስትመልሰው አዲስ ጥይት ትጎርሳለች። ሌቨር አክሽን የሚሏት ለዚህ ነው። «ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ» ያልከኝ ጥይት ደግሞ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የታጠቀው ነው። ዛሬ ድብ አዳኞች ይይዙታል። ነባሩ እርሳሱ ብቻ 26 ግራም ይመዝናል። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም ገደማ ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ!

ታዲያ በክፍሎችህ መሀል ያለው ግድግዳ ብሎኬት መሰለህ እንዴ? አብዛኛውን ጊዜ ከግራና ከቀኝ የተለጠፈ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጂፕሰም ቦርድ ነው፤ መሀሉ ክፍት። ድብ የሚጥል ጥይት እዚህ ይቆማል? ሌባውን ብትስተው፣ ብትመታውም እንኳ፣ ጥይቱ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ከግድግዳው ወዲያ የልጅህ አልጋ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ተኝቷል።

ሌላም አለ። የአክስትህ ልጅ ከሥራ የሚገባው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው ብለኸኛል። በእንቅልፍ ልብህ፣ በጨለማ፣ እሱንና ሌባውን በምን ትለያቸዋለህ? ደግሞስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል፤ ሰደፉ ትከሻህን መትቶህ ሁለተኛው ተኩስ ይዘገያል። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ጠመንጃ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት፤ ትራስ ሥር አይታደርም።

እና ምን ይሻላል? ብሩን በሩ ላይ አውለው። ጠንካራ መቀርቀሪያ፣ ረጃጅም ብሎን፣ ደጅ ላይ መብራት። የአክስትህ ልጅ ሳይደውል እንዳይገባ ተስማሙ። ሌባ ከገባ ሁላችሁም አንድ ክፍል ግቡና ቆልፉ፤ 911 ደውላችሁ ፖሊስ እስኪመጣ ስልኩን አትዝጉ።

ጠመንጃዋን ከወደድካት ለተኩስ ሜዳና ለአደን ትሁንልህ፤ እሷን ባዶዋን፣ ጥይቷንም ለብቻ ቆልፍ። ሌባ የወሰደው ቴሌቪዥን ይተካል። ከግድግዳ ወዲያ የተኛ ሰው ግን በምን ይተካል?