ጾም፣ ኦቶፋጂ እና የአረጋውያን የመርሳት ሕመም

በጾመ ፍልሰታ በመርሳና በአካባቢዋ ባሉ አጥቢያዎች ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው አረጋውያኑን ሳያስተውል አይመለስም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው እስከ ፍጻሜው ይቆማሉ። ከእነርሱ መካከል ዳዊቱን በቃላቸው የሚደግሙ፣ ነገር ግን ትናንት ማን እንደ ጠየቃቸው የማያስታውሱ አሉ። ቤተሰብ «ጃጅተው ነው» ብሎ ያልፈዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ጾም ኦቶፋጂን ስለሚያነሣሣ የመርሳት በሽታን ይፈውሳል» የሚል ቃል ይሰማል። በዚህ አባባል እውነትና ስሕተት ስለ ተቀላቀሉ ለይተን ልንመለከተው ወደድን።

ኦቶፋጂ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ሲሆን «ራስን መብላት» ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ቤልጂየማዊው ሳይንቲስት ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው። ስሙ ቢያስፈራም ሥራው ጽዳት ነው። የሀብሩ ገበሬ አዲሱን ማሽላ ከማስገባቱ በፊት ጎተራውን ይጠርጋል፤ ነቀዝ የበላውንም አውጥቶ ለዶሮ ይሰጣል እንጂ በከንቱ አይጥለውም። በሰውነታችን ያለው እያንዳንዱ ሴልም እንዲሁ ነው። የተበላሹ ፕሮቲኖችንና ያረጁ ክፍሎቹን በስስ ሽፋን ይጠቀልላል፤ ላይሶዞም ወደሚባለው መፍጫ ያደርሳቸዋል፤ የተፈጨውንም ለአዲስ ግንባታ ይጠቀምበታል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እርሾን አስርቦ ይህን ሂደት በማይክሮስኮፕ ተመለከተ፤ የሚመሩትንም ጂኖች ለየ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው። ሽልማቱ ስለ ጾም እንደ ተሰጠ አድርገው የሚያወሩ ብዙዎች ናቸው፤ እንደዚያ አይደለም።

ነገሩ ከእርጅና ጋር የሚገናኘው በነርቭ ሴሎች በኩል ነው። የቆዳ ሴል ሲያረጅ በአዲስ ይተካል። የአንጎል ነርቭ ሴሎች ግን በአብዛኛው ከሰውዬው ጋር ተወልደው ከእርሱ ጋር ያረጃሉ፤ ስለዚህ ቆሻሻቸውን ካላስወገዱ እየተከማቸ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጃፓን ተመራማሪዎች በነርቭ ሴሎቻቸው ውስጥ ለኦቶፋጂ የሚያስፈልግ ጂን የጠፋባቸውን አይጦች አጥንተው ነበር። አይጦቹ ሌላ በሽታ ሳይጨመርባቸው ነርቮቻቸው ተጎዱ፤ እንቅስቃሴያቸውም ተዛባ። በልዩ ልዩ እንስሳት እንደ ታየው ይህ ጽዳት ዕድሜ ሲገፋ ይዳከማል። በአልዛይመር ሕመም አሚሎይድና ታው፣ በፓርኪንሰን ደግሞ አልፋ ሲኑክሊን የተባሉት ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ።

እንግዲህ ረኀብ ኦቶፋጂን ያነሣሣል መባሉ እውነት ነው፤ በእርሾም በአይጥም ታይቷል። ይሁን እንጂ ለአይጥ አንድ ሙሉ ቀን ያለ ምግብ መዋል ለሰው ከብዙ ቀናት ረኀብ ጋር የሚቀራረብ ነው። በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ የሚካሄደውን ኦቶፋጂ በቀጥታ ለክቶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የመርሳት በሽታን ፈወሰ ያለ ጥናት የለም። በአልዛይመር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደክመው የመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም መፍጫው ራሱ ነው፤ ወፍጮው በቆመበት እህል ማብዛት ምን ይጠቅማል? ቤተ ክርስቲያናችንም ጾምን ያዘዘችው ለንስሐና ለጸሎት ነው። የላቦራቶሪ ምስክርነት ባይኖረውም ጾም አይጎድልበትም፤ ቢኖረውም አይጨመርለትም።

ይህን አጥብቀን የምንጽፈው አደጋ ስላለው ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ አንዲት እናት «ጾሙ ያድነኛል» ብለው ያለ ሐኪም ምክር ቢጾሙ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድና አንጎላቸው ሊጎዳ ይችላል። በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ አረጋዊ በውኃ ጥም ብቻ ግራ ሊጋቡ፣ ሊዘባርቁም ይችላሉ። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ይውሰድ አይውሰድ፣ ይብላ አይብላ ራሱ አያውቅም።

በጾም ወራት ልናስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው በተፈጥሮ ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። የአረጋውያን ሆድ ቫይታሚኑን ከምግብ የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በፍስክ ወራትም እነዚህን ምግቦች እምብዛም ለማያገኝ ሰው እጥረቱ የባሰ ነው፤ መርሳትንና የእግር መደንዘዝንም ያመጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል። «ጃጅተው ነው» ከተባሉት መካከል እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ይኖራሉ፤ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም እንዲሁ መርሳት ሊመስሉ ይችላሉ።

ስለ ጾም የሚደነግገው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ሕመምን ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ ልጆች ወላጃቸውን ወደ ሆስፒታል ሲወስዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይያዙ፤ የጾሙንም ሥርዓት ለሐኪሙ ይንገሩ። ከሐኪሙ የሰሙትን ደግሞ ለንስሐ አባታቸው ያድርሱ፤ አረጋውያኑ በልጆቻቸው ቃል አፋቸውን አይፈቱምና፣ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው «እማማ፣ ዛሬ ይቅመሱ» ቢሏቸው ይቀበላሉ።