ጦስኝና የዶሮ በሽታ

የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳትን ዕድገት ለማፋጠን አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር እንዳይቀላቀል ከጥር 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ምክንያቱ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ወደ ሰው ሊተላለፉ መቻላቸው ነው። በምትኩ ከሚፈተሹት አማራጮች መካከል የመድኃኒት ዕፅዋት ይገኙበታል።

በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የሚበቅለውን ጦስኝ እንውሰድ። መዓዛማ ዘይቱ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውሁዶችን ይዟል። አሠራራቸውን ለመረዳት ባክቴሪያን እንደ ጥቃቅን ባትሪ እንመልከተው። 5 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ባለው የሴል ሽፋን ውስጥና ውጭ መካከል ወደ 0.1 ቮልት የሚደርስ የቮልቴጅ ልዩነት አለ። ይህም በሜትር 20 ሚሊዮን ቮልት የሆነ የኤሌክትሪክ መስክ ማለት ነው! ካርቫክሮል ቅባታማውን ሽፋን ሰርጎ ሲገባ አዮኖች ያፈተልካሉ፤ ባትሪው ይራገፋል፤ ባክቴሪያውም ኃይል ያጣል።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የታየው ሁሉ በዶሮ አንጀት ውስጥ አይደገምም። የተዋጠው ዘይት አብዛኛው ታችኛው አንጀት ሳይደርስ ወደ ደም ይገባል፤ የውሁዶቹም መጠን እንደ ተክሉ መብቀያና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ስለዚህ መጠኑ ሳይለካ መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም።

ፈንግል ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ጉዳይ ነው። መንሥኤው ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም፤ ጦስኝም ክትባቱን አይተካም።