ሕፃናትን በቤት ለማስተማር የሚመረጥ የፊደል አጣጣል ትምህርት

መግቢያ

ሕፃናትን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ ፊደል ማስቆጠር ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የኔታን ወደ ቤት አስመጥቶ ልጅን ማስተማር በባለጸጋ ቤተሰብ ዘንድ የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዟል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓና በዓረብ ሀገሮች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የማያገኙትን ጽሕፈት በየቤታቸው ለማስተማር ይጥራሉ። በሀገር ውስጥም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ብዙ እናትና አባት ሳያስቡት መምህር ሆነዋል። እነዚህ ወላጆች የቋንቋ ሰው ሲያገኙ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «የትኛውን መጽሐፍ እንግዛ?» የሚል ነው። ቀጥለውም «በየትኛው ሀ እናስጽፍ?» ይላሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ቦታ እንደ ያዘ፣ አንድ ሌላ ጥያቄ ግን ጨርሶ እንደ ተዘነጋ ማሳየት ነው። የተዘነጋው ጥያቄ፣ ልጁ ፊደሉ የማይነግረውን ድምፅ ከየት ያገኘዋል? የሚለው ነው። ለትምህርት የሚመረጠው መጽሐፍም ሆነ ሥርዓት በቅድሚያ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ነው ብሎ ጸሐፊው ያምናል።

ፊደሉ የሚናገረውና የማይናገረው

የአማርኛ ፊደል ለጀማሪ ቸር ነው። ከግዕዝ የተወረሱት 26 ፊደላትና አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱ፣ ማለትም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ፣ በአንድነት 33 ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በሰባት ሲረቡ 231 ሆሄያት ይወጣቸዋል። ቨ ከነእርባታው ሲጨመር ቁጥሩ 238 ይደርሳል፤ እነ ቋ፣ ኋ፣ ኳ እና ጓም ከዚህ ሌላ ናቸው። ብዛቱ ያስደነግጥ እንጂ፣ «ቡ» የትም ቦታ ቢገባ «ቡ» ነው፤ ተጽፎ የማይነበብ ፊደልም የለም። እንግሊዝኛን የሚማር ሕፃን ፊደሉን ካወቀ በኋላ የየቃሉን አጻጻፍ እንደ አዲስ ማጥናት ስላለበት፣ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ የአጻጻፍ መጻሕፍት በየሳምንቱ የቃላት ዝርዝር እየሰጡ በቃል ያስጠናሉ። ይህንኑ ዘዴ እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ እንደ መሆን ይቆጠራል። የእኛ ልጅ «በላ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ በ እና ላን ካወቀ ይጽፈዋል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ሳድስ ነው። «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስት ፊደላት ያሉት ሲሆን አምስቱም ሳድስ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ግን አናባቢ ኖሯቸው የሚነበቡት ት እና ህ ብቻ ናቸው፤ ም፣ ር እና የመጨረሻዋ ት ያለ አናባቢ ተናባቢ ሆነው ያልፋሉ። ይህን የሚለይ ምልክት በጽሕፈቱ ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ አይቸገርም፤ ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ያውቀዋልና ከመካከል ላይ ይገምተዋል። ቃሉን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ግን አምስቱን ፊደላት እያንዳንዳቸውን አስረግጦ ቢጠራቸውም የሚወጣው ነገር ትምህርት አይሆንም።

ሁለተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና» ሲላላ «እስካሁን ያልሆነ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ በውኃ ውስጥ የሚደረግ፣ ጠብቆ ተቀዳሚ የሆነ ነገር ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋ ሰው፣ ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «አለ» ላልቶ የተናገረ፣ ጠብቆ የሚኖር ነው። በግሥ ላይ ሲደርስ ነገሩ ከነጠላ ቃላት አልፎ ሰዋስውን ይነካል፤ «ይበላል» ሲላላ በዪው፣ ሲጠብቅ ተበዪው ነው። «ዶሮው ይበላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ይሁን ወይም ከእንጀራው ላይ ይሁን ጽሕፈቱ አይናገርም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ፊደላችን ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ጽሕፈት ነው። ስለዚህ በሀገሩ ላለ ልጅ ፊደል ማስቆጠር ማንበብ ማስተማር ሊሆን ይችላል፤ በውጭ ሀገር በቤቱ ለሚማር ልጅ ግን አይበቃም። ሠንጠረዡን ከሀ እስከ ፐ ያለ ስሕተት የሚጠራ፣ አንዲት አጭር ተረት ስትሰጠው ግን እንደ እንግዳ ቋንቋ የሚሰባብራት ልጅ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ወላጅ ይህን ሲያይ ልጁ «ፊደሉ አልገባውም» ብሎ እንደገና ወደ ሠንጠረዡ ይመልሰዋል። ልጁ የጎደለው ፊደል ሳይሆን ቃል መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። እንዲህ ሁለትና ሦስት ዓመት የተንገላታ ልጅ አማርኛውን ከነጭራሹ ቢተወው አይፈረድበትም።

የኔታ ያስተምሩት የነበረው

የጥንቱ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለሽምደዳው ተብሎ ነው። ልጅ ሠንጠረዡን በዜማ ይይዛል፤ በስንደዶ ወይም በጭራሮ እያመለከተ ይቆጥራል። ይህ እውነት ቢሆንም ግማሹ ብቻ ነው። ልጁ ቅደም ተከተሉን ብቻ በአፉ ይዞ ፊደሉን በዐይኑ ሳይለይ እንዳይቀር «አቡጊዳ» ተዘጋጅቶለታል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ፊደሉም እርባታውም በየደረጃው ይለዋወጥበታል። ቀጥሎ የመጀመሪያይቱን የዮሐንስ መልእክት፣ ማለትም ፊደለ ሐዋርያን፣ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነብባል። ቁም ንባብ ላይ ሲደርስ የኔታ የሚያርሙት ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ነው። የሚጠብቀውን ካላላ፣ የሚላላውን ካጠበቀ፣ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች ካደባለቀ ይመለሳል። ሊቃውንቱ ጽሕፈቱ የማይዘውን በሚገባ ያውቁ ስለ ነበር ያንን በአፍና በጆሮ አስተላልፈውታል።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የፊደል መጻሕፍት ከዚህ ትምህርት ሠንጠረዡን ወስደው ጆሮውን ትተውታል። በየፊደሉ ጎን ሥዕል መጨመሩ መልካም ነው። ነገር ግን በ አጠገብ በግ፣ አ አጠገብ አንበሳ መሣል የቁም ንባብን ቦታ አይተካም።

ከየት ይጀመር?

በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ቤት፣ ማለትም አንድ ፊደል ከነሰባት እርባታው፣ የሚሰጥ ትምህርት ሠንጠረዡን ለመጨረስ 33 ሳምንት ይፈጅበታል። ትዕግሥት ያለው ሕፃን ከተገኘ ይቻላል። ነገር ግን ልጁ በሠንጠረዡ ተራ ከሄደ በመጀመሪያው ወር የሚያገኘው ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ነው፤ ከሐ ጋር ገና በሦስተኛው ሳምንት ሞክሼ ፊደል ተጋፈጠው ማለት ነው። በዚህ ፈንታ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ተ እና ነ ከነእርባታቸው ቢቀድሙ፣ በ35 ሆሄያት ብቻ ቤት፣ ሴት፣ በላ፣ ልብስ፣ ሌሊት፣ ሰባት፣ ስንት፣ ሰኔ ማንበብና መጻፍ ይቻላል። መ እና ረ ሲጨመሩ ሰላም፣ በር፣ ማር፣ ምላስ፣ መብራት ይመጣሉ። እነዚህ ልጁ በቤቱ ሲነገሩ የሚሰማቸው ቃላት በመሆናቸው ሳድሱ የት እንደሚነበብ፣ የት እንደሚዋጥ ጆሮው ይነግረዋል። የሠንጠረዡ ተራ በዜማው ለብቻው ይያዝ፤ ዜማ ሆኖ ይጥማልና።

አማርኛ የጨመራቸው ፊደላት የተለየ ዕድል ይሰጣሉ። ሰ ላይ ጭረት ሲጨመር ሸ፣ ተ ላይ ሲጨመር ቸ፣ እንዲሁም ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ በመልክ እናትና ልጅ ናቸው። ይህ ዝምድና የመልክ ብቻ አይደለም። እናት ወንድ ልጇን «ልበስ፣ ክፈት፣ ለምን፣ ያዝ፣ ውሰድ፣ ምረጥ» ብላ የምታዘው፣ ሴት ልጇን ስታዝ «ልበሺ፣ ክፈቺ፣ ለምኚ፣ ያዢ፣ ውሰጂ፣ ምረጪ» ትላለች። ስድስቱም ጥንዶች በልጁ ጆሮ ውስጥ አስቀድመው ተቀምጠዋል። ወንድምና እኅት ባሉበት ቤት ይህን ትምህርት አድርጎ ማቅረብ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ነው። የቀረው ኸ ብቻ ሲሆን እሱ ከእናቱ ከከ ጋር ያለው ዝምድና የተለየ ስለ ሆነ በኋላ ይምጣ። ይህን ዝምድና የሚያስተምርበት የሕፃናት መጽሐፍ ለጸሐፊው እስካሁን አልገጠመውም። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ሰዋስውና ፊደል እንዲህ በአንድነት የሚገናኙበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ስለ ሞክሼዎቹ

አሁን ወላጆች አስቀድመው ወደሚጠይቁት ጥያቄ እንምጣ። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ ተመሳስለዋል፤ በዚህም ላይ ግዕዛቸውና ራብዓቸው አንድ ሆኗል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። በመሆኑም «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ድምፁን ብቻ የሚከተል ሰው ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ ለሁለተኛው ስድስት ምርጫ ስላለው በ12 ዓይነት ሊጽፈው ይችላል። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚሉና የግዕዙን ሥር ይዘው ይቆዩ የሚሉ ወገኖች ክርክር ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። በግዕዝ ሠረቀ (ወጣ፣ በራ) እና ሰረቀ፣ ሠዐለ (ሥዕል ሣለ) እና ሰአለ (ለመነ)፣ ዓመት እና አመት (ገረድ) የሚለዩት በእነዚሁ ፊደላት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉን ከዐውዱ ነጥሎ የሚያነብ ስለሌለ፣ በንባብ ላይ የሚያስከትሉት መደናገር ከማጥበቅና ከማላላት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

እንዲህም ሆኖ ጸሐፊው ሞክሼዎቹን ከሕፃኑ ትምህርት ማስወጣትን አይደግፍም። ልጁ ነገ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ወይም ርእሱ ራሱ በዐይኑ ዐ የተጻፈውን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ሲገልጥ ቃሉን ሊያጣው አይገባም። መፍትሔው ንባብንና ጽሕፈትን መለየት ነው። ልጁ ሁሉንም ሞክሼዎች ያንብብ፤ ሲጽፍ ግን ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በፊት «ጸሀይ» ብሎ በመጻፉ በቀይ አይሰረዝበት። «ምን አልክ?» ተብሎ ድምፁ ይታረም እንጂ፣ ድምፁን በትክክል አድምጦ የጻፈ ልጅ ተሳሳተ ማለት ሥራውን በሚገባ ሠርቷልና መቅጣት ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ በቃል በቃል ይሰጠው። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ጥንትም አለ፤ ፊደላቱ በስማቸው ይጠራሉ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ንጉሥ፣ እሳት፣ ዐይን፣ ጸሎት፣ ፀሐይ የሚሉትን ቃላት የያዘ ልጅ የፊደሉን ስም ሲጠራ አጻጻፉንም አብሮ ይጠራል።

በነገራችን ላይ፣ በእስራኤልና በዓረብ ሀገሮች የሚያድጉ ልጆች እዚህ ላይ ከሀገር ቤት ልጆች ይሻላሉ። ዕብራይስጥ «ዐይን»ን በራሱ ዐይን በሚባል ፊደል ይጽፋል፤ ዓረብኛም እንዲሁ። ዓረብኛ በአፉም ጭምር የግዕዙን ሐ እና ኀ ለይቶ ስለሚጠራ፣ እኅት ለምን በብዙኃኑ ኀ እንደምትጻፍ ለማወቅ ልጁ በትምህርት ቤት የሚማረውን «ኡኽት» ማስታወስ ይበቃዋል።

መጽሐፍ ሲገዛ

መጽሐፍ ለመምረጥ የሚሄድ ወላጅ ሽፋኑንና ሥዕሉን ትቶ ከመካከል ይግለጥ። በአንድ ገጽ «ሥራ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከሃያ ገጽ በኋላ «ስራ» ሆኖ እንደሆነ ይመልከት። የትኛውን እንደ መረጠ ሳይሆን በመረጠው መጽናቱ ነው የሚፈለገው፤ በአንድ መጽሐፍ ሁለቱንም ያየ ልጅ ሁለት ቃል አድርጎ ይወስዳቸዋል። ቃላቱንም ጮክ ብሎ ያንብባቸው፤ ልጁ በቤት ሰምቷቸው የማያውቃቸው ቃላት ከበዙ መጽሐፉ ቢያንስ ለዚህ ዓመት አይሆንም። ጎተራ፣ ሞፈርና ቀንበር በሥዕል ያማሩ ቢሆኑም በሩቅ ሀገር አፓርታማ ውስጥ ላደገ የአምስት ዓመት ልጅ ሦስቱም ባዶ ድምፆች ናቸው። በተረት ከሰማቸው በኋላ ይምጡለት።

የሚጠብቁትን ፊደላት የሚያመለክት መጽሐፍ ከተገኘ ዋጋው ቢወደድም ይመረጣል። በሰዋስው መጻሕፍት የሚሠራበት ከፊደሉ በላይ የሚደረግ ሁለት ነጥብ አለ፤ ለሕፃናት ግን ብዙም አይታተምም። ካልተገኘ ወላጁ መጽሐፉን ለልጁ ከመስጠቱ በፊት አንድ ማታ ተቀምጦ ሁለቱን ነጥቦች በእርሳስ ራሱ ያኑር፤ በገጹ ላይ የሚጠብቅ ፊደል ባለበት ሁሉ ሳይሆን፣ «ገና»፣ «ሰፊ» እና «ይበላል»ን የመሰሉ ሁለት ትርጉም ያላቸው ቃላት ላይ ብቻ። ልጁ ማንበቡን ሲለምድ ነጥቦቹ በላጲስ ይጠፋሉ።