ዳሞትን የጻፉ ሁለት እጆች

(ድምፅ፦ የሶዶ ገበያ፤ ሻጭና ገዢ ሲነጋገሩ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይርቃል)

ተራኪ፦ ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመውን ተራራ የአገሩ ሰው ዳሞታ ይለዋል። ሃላሌም ይሁን ሶዶ፣ በወላይታ ምድር ሽማግሌዎች ስለ ጥንት ነገሥታት ሲያወጉ የሞቶሎሚን ስም ያነሳሉ። ሞቶሎሚ የዳሞት ንጉሥ ነበር። የዳሞት ግዛት ከዛሬዋ ወላይታ ጋር ያለው ዝምድና ሊቃውንትን ያከራክራል፤ የወላይታ አባቶች ግን ንጉሡን የራሳቸው አድርገው ይቆጥሩታል።

ዳሞት የራሱን ዜና መዋዕል በብራና አላቆየልንም። ወሬውን ያቆዩልን ሌሎች ናቸው፤ አንዱ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም።

የክርስቲያኑ ጽሑፍ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ነው። በደብረ ሊባኖሱ ገድል ሞቶሎሚ ጣዖት አምላኪ ንጉሥ ነው። የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባት ሲዘጋጅ መልአኩ ሚካኤል ከእጁ ያወጣታል። ዓመታት አልፈው ልጇ ተክለ ሃይማኖት ወደ ዳሞት ወርዶ ያንኑ ንጉሥ ያጠምቀዋል።

የሙስሊሙ ጽሑፍ የኢብን ኻልዱን ነው። ቱኒስ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1406 ካይሮ ያረፈው ይህ ታላቅ የታሪክ ሊቅ፣ ስለ ሐበሻ በጻፈው ክፍል ዳሞትን የኃያል ንጉሥ አገር ይለዋል። የይፋት ሡልጣኖች አያት ወላስማም ቀድሞ ለዚህ ንጉሥ ይታዘዝ እንደነበር ይነግረናል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የክርስቲያኑ ገድል እናቱ በዳሞት ንጉሥ ስለተማረከች ቅዱስ ይተርካል። የሙስሊሙ መጽሐፍ ቅድመ አያቱ ለዚያው መንግሥት ስለገበረ ሡልጣን ያወሳል። የኢትዮጵያን ታሪክ መስቀልና ጨረቃ ብቻ የተፋጠጡበት ሜዳ አድርገን ስንተርከው ይህን ሦስተኛ ወገን እንረሳዋለን። ሁለቱም ፈርተውታል፣ ሁለቱም ጽፈውታል።

(ሙዚቃ፦ በገና፤ ለአጭር ጊዜ)

ተራኪ፦ ገድሉ የተጻፈበት ደብረ ሊባኖስ ክርስቲያንና ሙስሊም በጽሑፍ በተገናኙበት ታሪክም ትልቅ ቦታ አለው። በ16ኛው መቶ ዘመን የገዳሙ 11ኛ አበምኔት ሆነው የተሾሙት ዕንባቆም የየመን ሰው ነበሩ። ተወልደው ያደጉት በእስልምና ነው፤ የእናት ቋንቋቸው ዐረብኛ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው በእጨጌ ጴጥሮስ ዘመን ተጠመቁ፣ መነኮሱ። ከዚያም ግእዝን እንደ አገሬው ሊቅ ጻፉበት።

ከዚያ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ሰበረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ዕንባቆም ተሰደዱ። በስደት ላይ ሳሉም እ.ኤ.አ. በ1540 ለኢማሙ ጻፉለት። ጽሑፉ «አንቀጸ አሚን» ይባላል፤ መጀመሪያ የጻፉት በዐረብኛ ነው፣ ኋላ ወደ ግእዝ መለሱት።

እስቲ ሁኔታውን እናስብ። ገዳማቸው ዐመድ ሆኗል፤ ወንድሞቻቸው ታርደዋል። እሳቸው ግን ለአጥፊያቸው በሚያነበው ቋንቋ፣ በሚያከብረው መጽሐፍ ይሟገታሉ። ቁርአን ስለ መርየም ልጅ ምን እንደሚል ያውቁታልና ጥቅሱን እየጠሩ ክርስትናን ለመከላከል ያውሉታል። አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠልና መነኮሳትን መግደል ይቁም ይላሉ። በክርክራቸው መካከል አንድ ነጥብ ያነሳሉ፦ ወንጌል በብዙ ሕዝቦች ቋንቋ ሲነበብ ቁርአን ግን በዐረብኛ ብቻ እንደቀረ። ይህቺን ነጥብ እንያዛት።

አንቀጸ አሚን የሙግት ጽሑፍ ነው። ሙስሊም አንባቢ ቁርአን የተተረጎመበትን መንገድ አይቀበለውም፤ መቀበልም አይጠበቅበትም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ጸሐፊው የባላጋራውን መጽሐፍ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንብቦታል። ዛሬ በየስልኩ እየተላላከ የሌላውን እምነት የሚያብጠለጥል ወጣት ምን ያህሉን አንብቦ ይሆን? ጥቅሷን ብቻ ቆርጦ የሚወስድ ሰው ከፊትና ከኋላዋ ያለውን አላየም፤ ይህ ደግሞ በሁለቱም ወገን አለ።

(ሙዚቃ፦ የመንዙማ ድቤ፤ ከሩቅ)

ተራኪ፦ ያው ጦርነት ከኢማሙ በኩልም ጸሐፊ ነበረው። ከቀይ ባሕር ማዶ ከጂዛን የመጣው ሺሃብ አድ-ዲን፣ በተለምዶ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው፣ «ፍቱሕ አል-ሐበሻ»ን ጻፈ። መጽሐፉ የድል መጽሐፍ ነው፤ የሚቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናትን በደስታ ይቆጥራል። ልብ ብሎ ላነበበው ግን ስለ ክርስቲያኑ አገር ብርቅ ምስክርነት ይሰጣል። ጸሐፊው የሚጠፋውን ነገር ውበት ሳይደብቅ መዝግቦታልና፣ ዛሬ የፈረሱትን ሕንፃዎች ለማወቅ የክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ራሱ ወደዚህ የጠላት መጽሐፍ ይሄዳል።

ጦርነቱ ካበቃና ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አስፈለገ። በጭንቁ ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች ሰልመው ነበር። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሊመለሱ ሲፈልጉ ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ? «መጽሐፈ ቄደር» የተሰጠው መልስ ነው፦ ለተመላሹ የሚደረግ የጸሎትና የመንጻት ሥርዓት። ስለ ጀግኖች ብዙ እናወራለን፤ በሁለት እምነት መካከል ስለተንገላታው ተራ ገበሬ ግን ከዚህ የሥርዓት መጽሐፍ የበለጠ የሚናገር አላውቅም።

ዕንባቆምም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1553 «በራላም ወይዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ታሪኩ ሥሩ የሕንዱ ቡድሃ ሕይወት ነው፤ በሙስሊሞች ዐረብኛ በኩል አልፎ የክርስቲያን ቅዱሳን ታሪክ ሆነ፣ በአንድ የየመን ተወላጅ እጅም ግእዝ ገባ።

ነገሩ ከዕንባቆም በፊትም የቆየ ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ወደ ግእዝ የተመለሱት የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አብዛኞቹ የመጡት ከዐረብኛ ነው። አገሩን ለዘመናት የዳኘው ፍትሐ ነገሥት ራሱ የግብፃዊው ክርስቲያን የኢብን አል-ዐሳል የዐረብኛ ሥራ ነው፤ የሥጋዊ ፍርድ ክፍሉም ከእስልምና ሕግ ሊቃውንት ብዙ ወስዷል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1443 ለግብፁ ሡልጣን ጀቅመቅ ስለፈረሰው የምጥማቅ ገዳም የጻፉት ደብዳቤ የተረፈልን አስ-ሰኻዊ የተባለ ሙስሊም ታሪክ ጸሐፊ ስለመዘገበው ነው። በደብዳቤው ንጉሡ በግዛታቸው ያሉ ሙስሊሞች በሰላም እንደሚኖሩ ያስታውሳሉ፤ ዓባይንም ጠቀስ ያደርጋሉ።

(ድምፅ፦ ወረቀት ሲገለጥ)

ተራኪ፦ ወደ ወሎ እንሻገር። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች «ተጠመቁ» ብለው አስገደዱ። ይህ ግፍ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ከተቃወሙት አንዱ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። ሼሁ የጦር መሪ ብቻ አልነበሩም፤ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፈውን ዐጀሚ ለሃይማኖታዊ ግጥም ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። ዕንባቆም ሙስሊሙን በዐረብኛ ተናገሩት፤ ሼህ ጦልሃ የሸሪዓቸውን ትምህርት ለወሎ ገበሬ በአማርኛ አደረሱለት።

ከዚያው ዘመን ሼህ ዘካርያስ የተባሉ የሰቆጣ አካባቢ ዓሊም ቁርአንን ይዘው ከዑለሞች ጋር እየተከራከሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1910 ተጠመቁ። የእሳቸውም መንገድ ያው የዕንባቆም መንገድ ነበር።

አሁን ያቺን የያዝናትን ነጥብ እናንሳ። በ1954 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታተመ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ክርስቲያን ንጉሥ ትእዛዝ፣ በሐጂ ሳኒ ሐቢብና በሰይድ መሐመድ ሳዲቅ ትርጉም ቅዱስ ቁርአን በአማርኛ ወጣ። በአንድ ዘመን አቆጣጠር ሲሰላ ከአንቀጸ አሚን 429 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በሰባት ዓመት ልዩነት ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ፊደል ለአንድ አንባቢ ቀረቡ። አማርኛ የሚያነብ የወላይታ ወንጌላዊና ከሃላባ ቁሊቶ ሸቀጥ ይዞ ሶዶ የሚወርድ ሙስሊም ነጋዴ ከዚያ በፊት አንዱ የሌላውን መጽሐፍ በዚህ ቅርበት ለማንበብ ዕድል አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ጽሑፍ አደባባይ ወጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች 13 ጥያቄዎችን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ይህ የእምነት ክርክር አልነበረም። ማን እውነተኛ ነቢይ ነው የሚል አንድ መስመር የለበትም፤ የሚጠይቀው የዜጋን እኩልነት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓላት ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኢድ አል-ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ከገናና ከፋሲካ ጎን የአገሪቱ ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወጁ፤ ሙስሊሙ ቁጥሩ ጥቂት በሆነበት በወላይታም በእነዚህ ቀናት መሥሪያ ቤት ይዘጋል።