ጎረቤት ይጨመርልን ያሉ ሰዎች

አንባቢ ሆይ፤ ወር በገባ ቁጥር ከደመወዝህ ላይ የቤት ኪራይ ስትቀንስ «ኪራይ ለምን ይወደዳል?» ሳትል አትቀርም። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፈላጊው ብዙ፣ ቤቱ ጥቂት መሆኑ ነው።

በአሜሪካ አገር በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ አብዛኛው የመኖሪያ መሬት በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ ቤተ ሰብ ቤት በቀር እንዳይሠራበት በደንብ የተከለለ ነበር። ቤት ያለው ሰው በሰፈሩ አዲስ ቤት ሲሠራ መቃወሙ የተለመደ ነው። እዚያ ግን አንዳንድ ነዋሪዎች ተሰብስበው፣ ለባለጸጋውም ለመካከለኛውም ለድኻውም የሚሆን ቤት ይሠራ፤ ጎረቤት ይጨመርልን ሲሉ ተከራከሩ። የከተማው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 በ12 ድምፅ ለ1፣ በአንድ ቦታ እስከ 3 መኖሪያ እንዲሠራ፣ በትላልቅ መንገዶች ዳርም ፎቅ እንዲበዛ ወሰነ።

ከተማው ደንቡን ማላላት የጀመረው ቀደም ብሎ ነበርና፣ ከ2017 እስከ 2022 ቤቱ በመቶ 12 ሲጨምር ኪራዩ ከፍ ያለው በመቶ 1 ብቻ ነው፤ በቀረው የሚኒሶታ ግዛት ግን በመቶ 14 ጨመረ። እርግጥ ገቢው እጅግ ላነሰው የቤት መብዛት ብቻ አይበቃውም፤ የመንግሥት ርዳታም ያሻዋል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። እንግዲህ ወዳጄ፣ ነገ የቤት ጌታ ስትሆን የዛሬውን ቤት ፍለጋህን አትርሳ።