ሳሎናችሁ በባሕር ውሃ እንዳይጥለቀለቅ!

ዛሬ ስለ ፍቅር አናወራም፤ ስለ ዓሣ ነው። «ደግሞ ዓሣ ምን ያወራል?» እንዳትሉኝ! በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ ቤት ያደምቃል። ነገሩ ሲበላሽ ግን ቤት ያምሳል፣ ጎረቤት ያጣላል፣ ሰው ከእንጀራው ያፈናቅላል። የመጨረሻውን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ዱባይ ሄጄ ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. በአንድ የዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ በየሰው ቤት እየዞሩ የጨው ውሃ አኳሪየም መትከልና ማጽዳት ነበር። ታዲያ የባሕር ዓሣ ያለው ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሳምፕ ግጠምልኝ!»

ሳምፕ ምንድን ነው?

ዓሣዎቹ ከሚታዩበት ገንዳ ሥር፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላ ገንዳ ይቀመጣል። ከላይኛው ገንዳ አፍ የሚተርፈው ውሃ በቱቦ ቁልቁል ይወርዳል። የሚያወርደው ሞተር አይደለም፤ የራሱ ክብደት ነው። ታች ተጣርቶ በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ላይ ይመለሳል። የታችኛው ገንዳ ነው እንግዲህ ሳምፕ የሚባለው።

ጥቅሙስ? አንደኛ፣ ውሃው ይበዛል፤ ብዙ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይበከልም፣ ሙቀቱም ቶሎ አይለዋወጥም። ሁለተኛ፣ ማሞቂያውና አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚያወጣው ስኪመር ከእንግዳ ዓይን ይሰወራሉ። ሦስተኛ፣ በውሃው ፊት ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት እየተጠረገ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የባሕር ውሃ ሲተን ጨው አይተንም፤ የቀረው ውሃ ጨው ይበዛበታል። ስለዚህ የተነነውን የምትተኩት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ሳምፕ ካላችሁ ላይኛው ገንዳ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ታች ፓምፑ ያለበት ክፍል ብቻ ነው። እሱን አይቶ መሙላት ነው።

መሸሸጊያው

ከሳምፑ አንዱን ክፍል ከልለው የባሕር አረም የሚያበቅሉበትም አሉ። ስሙ ሪፊዩጂየም ነው፤ መሸሸጊያ ማለት ነው። ኬቶሞርፋ የሚባለው እንደ ተበተበ አረንጓዴ ክር ያለው አረም ከዓሣው ኩስና ከትርፍ ምግብ የሚመጣውን ናይትሬትና ፎስፌት እየመጠጠ ያድጋል። ሲበዛ ከፊሉን በእጅ አውጥቶ መጣል ነው፤ ቆሻሻውም አብሮ ወጣ ማለት ነው! በአረሙ መሐል ዓይን በጭንቅ የሚያያቸው ኮፔፖዶች ይራባሉ። ዓሣ እዚያ ገብቶ አይጨርሳቸውም፤ ከነሱ ግን ጥቂት ጥቂቶቹ በፓምፑ ወደ ላይ እየወጡ ቀለብ ይሆኑታል። ያ ውብ ማንዳሪን የሚባለው ዓሣ በዋናነት የሚኖረው በነሱ ነው።

የመሸሸጊያው መብራት የላይኛው ሲጠፋ ማታ ማታ ቢበራ ይመረጣል። ሌሊት ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አረሙ ስለሚጠቀምበት፣ ውሃው ወደ አሲድነት እንዳያዘነብል ይረዳል።

ካውለርፓ ከሚባለው አረም ግን ተጠንቀቁ። አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ሟሙቶ ውሃውን ያበላሻል። አንደኛው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ላይ ተገኝቶ፣ ጠፋ ተብሎ እስኪታወጅ እስከ 2006 ድረስ ሲያታግል ኖሯል። ማንኛውንም የአኳሪየም አረም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር አትጣሉ።

«ማን ንቀይ አለሽ?»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. ከአንድ አፓርታማ በስልክ ተጠራን። ስደርስ ምንጣፉ ረጥቧል፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያዬ አንጠባጠበ ብሎ በሩ ላይ ይጮኻል። ጥግ ላይ የኛው አገር ልጅ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ቆማ ታለቅሳለች። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? የምንጣፍ ማጽጃውን ለመሰካት የፓምፑን ሶኬት ነቀለች። እመቤቲቱ «ማን ንቀይ አለሽ? ከደመወዝሽ ይቆረጣል!» ትላታለች።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ሳምፑን የሠራው ሌላ ሱቅ ነው። ባልየውን «እስከ የት ነው የምትሞሉት?» አልኩት። እስከ አፉ ድረስ አሳየኝ። እሱ ባለው ልክ ሞልተን ፓምፑን አስነሳሁት፤ ባልዲ ደቀንኩና ራሴ ነቀልኩት። ልጅቱ ሳትነካው ውሃው እንደገና ገንፍሎ ፈሰሰ! ሰውየው ዝም አለ። ደመወዟም እንደማይቆረጥ ቃል ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለጽዳት ስመለስ ግን ልጅቱ የለችም። የት እንደሄደችም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ስሌቱ ይኸው

ውሃው ለምን ገነፈለ? ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እናስብ። እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ውሃ 5 ሊትር ናት። ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል። የቱቦው አፍ 8 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ፣ አየር እስኪያገኝ ድረስ 40 ሊትር ወደ ታች ያወርዳል። ሳምፑ ቦታ ከሌለው ወዴት ይሂድ? ወደ ምንጣፉ ነዋ!

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦

1. የቱቦውን አፍ ከውሃው ፊት ብዙ አታጥልቁት፤ ወይም ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ አየር የሚስብ ቀዳዳ ብሱለት። ቀዳዳው እንዳይደፈን በየጊዜው አጽዱት። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ ብቻ አትመኑ፤ አንዲት ቀንድ አውጣ ገብታ ክፍት ልታስቀረው ትችላለች።

2. ባልዲ አዘጋጅታችሁ፣ ሳምፑን መጀመሪያ ግማሽ ብቻ ሞልታችሁ ፓምፑን አስነሱ። ከዚያ ንቀሉት፤ ቱቦው ማንጠባጠብ እስኪያቆም ጠብቁ። ቦታ ከተረፈ ጥቂት ጨምሩና ድገሙት። ሳይገነፍል የሚችለውን ልክ ስታገኙ፣ ፓምፑ እየሠራ ውሃው የሚቆምበት ላይ በቀለም አስምሩ። ከዚያ መስመር በላይ መቼም አትሙሉ።

3. የሚወርደው ቱቦ ቢደፈንስ? ፓምፑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ክፍሉ 30 በ40፣ ውሃው 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 18 ሊትር ነው። ላይኛው ገንዳ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይኑረው። ሁለተኛ የመውረጃ ቱቦ ካለ ደግሞ እጅግ ጥሩ።

4. የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይጠፍ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

«እኛ ቤት ባሕር የለም» የምትሉ፣ ሳምፕ ለወንዝና ለሐይቅ ዓሣም ይሠራል። ደግሞስ እኛ ዘንድ ሶኬት የሚነቅል ሰው መች ያስፈልጋል? መብራቱ ራሱ ይሄድ የለ!

እንግዲህ ሶኬት ይነቀላል፣ መብራትም ይጠፋል፤ ይህ የታወቀ ነው። አንድ ሶኬት በመነቀሉ ቤት የሚያጥለቀልቅ ሥራ ከመጀመሪያውም ሥራ አይደለም። ጥፋቱ የሠራው እንጂ የነቀለችው አይደለም። ያ ሳይጣራ ግን ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ደካማው ላይ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበላሽ፣ «ማን ነካው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ሠራው?» በሉ።

ቸር ሰንብቱ!